ድሃ ያሳልፋል የተባለው ሽፍታ

ነሐሴ 21፣ ጠዋት

ከፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ ገባሁ። እግሬ አብጧል። ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው። ደብተሬ፣ ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ላንቺ ልንገርሽ፦ ባሌ ሽፍታ ሳለ የገደለው ሰው ድሃ ነበር። አንዲት በቅሎ ብቻ ያለችው በርበሬ ነጋዴ። ከአንበሳሜ ገበያ ሲመለስ፣ ወንዙ መሻገሪያ ላይ። ስለ ልጄ ስለ ትርንጎ ብለህ፣ ገና ጡት አልጣለችም እያለ ሲለምነው እንደ ነበር ባሌ ራሱ ነገረኝ። ደም የነካውን የበቅሎዋን ኮርቻ ያጠብሁት እኔ ነኝ።

ኋላ የመንግሥት ነጭ ለባሾች ባሌን ገደሉት። ለቅሶው ላይ ሙሾ አወረድሁ። ሬሳ ፊት ማን ክፉ ያወጣል?

ድሃ ሲያልፍ አይቶ መንገድ የሚለቅቅ፣
ጌታ ሲመጣበት ቆሞ የሚጠብቅ።

አልቃሾቹ ተቀበሉኝ። አዝማሪ ከነሱ ወሰደው። ዛሬ አገር ያዜመዋል።

ነሐሴ 26

ዝናብ። ሐይቁ ከሰማዩ አይለይም። የቀበሌው ኪነት ቡድን ሙሾዬን ለአብዮት በዓል ሊያቀርበው ነው። ባሌ የጭቁኖች ታጋይ ሆኗል። ሊ/መንበሩ ደጄ ድረስ መጥቶ፣ «እማማ፣ ጀግና አግብተው ዝም ይባላል?» አለ። ሳቅሁለት። ግጥሙን እንዳነብበው ትቶልኝ ሄደ። ፊደል የለየሁት ወንድሜ የኔታ ዘንድ ሲቆጥር ከአጥር ውጭ ቆሜ ነው። ለዚህ ይሆነኛል ብዬ አልነበረም። አዲስ ስንኝ ጨምረዋል፤ ለጎረቤት እህል ያድል ነበር ይላል። እኛ ቤት መች እህል ነበረና!

ጳጉሜን 1፣ ከቀትር በኋላ

መሪ ዘፋኟ መጣች። ዜማውን ከእኔው አፍ ልትሰማ። ቀጭን፣ ሳቂታ። ፋሲሎ ሰፈር አክስቷ ዘንድ ነው የምትኖር። ስሟን ጠየቅሁ። ትርንጎ። አገሯን ጠየቅሁ። አንበሳሜ። ስለ አባቷ አልጠየቅሁም፤ ራሷ ነገረችኝ። ሕፃን ሳለች ወንዝ መሻገሪያ ላይ ገደሉት። ገዳዩ አልታወቀም።

ከዚያ እጄን ያዘች። «አባቴን ያገኘው የእርስዎ ባለቤት ቢሆን ኖሮ፣ እማማ፣ ያሳልፈው ነበር እኮ» አለችኝ።

ዜማውን አስተማርኋት። ድምጿ ያምራል። እንዴት ያምራል።

ጳጉሜን 3

ከሥራ ቀረሁ። አሞኛል ብዬ። እውነትም አሞኛል። በዓሉ መስከረም 2 ነው። ዝም ብል የሚያውቅ የለም፤ የጀግና ሚስት ሆኜ እቀበራለሁ። ብናገር ሊ/መንበሩ ፀረ-ሕዝብ ይለኛል። ዘንድሮ ይህ ስም ምን እንደሚያስከትል ሁሉም ያውቃል።

ጠዋት እውነቱን ልገጥመው ሞከርሁ። ቤት አልመታ አለኝ።

ከበሮው እዚህ ድረስ ይሰማል። ልምምድ ላይ ናቸው። አሁን እሷ ጀመረች። ድሃ ሲያልፍ አይቶ... ተቀበሏት። ኧረ በቃ። የአባቷን ገዳይ በዚያ ድምጿ አታወድስልኝም።

ደብተሬ፣ ይቅር በይኝ፤ እነዚህን ቅጠሎች ከላይሽ ልቀድ ነው። ዝናቡ አባርቷል። ሳይመሽ አዳራሹ በር ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ። በማንም እጅ አልልክም። የምሰጠው ለነጋዴው ልጅ፣ ለትርንጎ ነው።