ንጹህ ነው ያልኩት ቡሉኮ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣
ሐዋሳ

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ ጠና? ልጅሽ ኢያኤልስ ጡት በደንብ ያዘ? ባለቤትሽ ሰላም ነው? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ ብዬ መቀጠል ነበረብኝ፤ ደብዳቤ ሲጻፍ እንደዚያ ይባላል። ግን ደህና አይደለሁም፤ ናፍቆትሽም እውነቱን ለመናገር ገና አልያዘኝም። አገሩስ ደህና ነው። ዝናቡ በጊዜው ጥሏል፣ እንሰቱ አምሯል፣ ከደጃችን ቁልቁል አባያ ሐይቅ እንደ ወትሮው ደፍርሶ ይታያል።

የአባባን የቀብር ቪዲዮ ለምን እንዳልላኩልሽ፣ ስልኬስ ለምን እንደማይሠራ ኦቾሎ ያለውን ዘመድ ሁሉ ጠይቀሽ ሁሉም ነገሩን እንዳድበሰበሰብሽ ሐዋሳ የሚመላለሰው ሾፌር ሊሻን ነገረኝ። የሚያድበሰብሱት በኔ አፍረው ነው። ቪዲዮ የለም። አንዱ ስልክ አውጥቶ ነበር፤ የአባባ ባልንጀራ ጋሽ ጉታ መልሰው ኪሱ አስገቡት። የሆነውን በዚህ ወረቀት እጽፍልሻለሁ፤ ስልኩ አሁን እኔ ዘንድ የለም። ቢኖርም ራሴን አላምነውም፤ አንድ መስመር ጽፌ እስቲ አንዴ ሌላ ነገር ልይ ስል ሳልነግርሽ ፋሲካ ይደርሳል።

ስልኩን የላክሽልኝ አንቺ ነሽ፤ ሥራ ይፈልግበት ብለሽ። አልወቅስሽም፣ ግን ይህን ሳስታውስሽ ትንሽ ደስ ይለኛል። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ጠዋት የሥራ ማስታወቂያ ልይ ብዬ እከፍተዋለሁ፤ ቀና ስል ከብቱ ከግጦሽ ተመልሷል። መሃል ላይ የነበረው ቀን የት እንደገባ ብትጠይቂኝ የምነግርሽ የለኝም። ሲጨፍሩ አያለሁ፣ ሲሰዳደቡ አያለሁ፣ አንዱ ሲበላ ሌላው ሲያለቅስ አያለሁ። ጉርሻ አፌ ውስጥ ይዤ ማኘክ የምረሳበት ጊዜ ነበር። ሱስ ማለት ጫት ነው፣ አረቄ ነው ተብለን ነው ያደግነው። እኔ ሁለቱንም ቀምሼ ስለማላውቅ ራሴን እንደ ጨዋ ልጅ እቆጥር ነበር።

የአባባ ዓይን እንደማይመለስ አርባ ምንጭ ሐኪሙ ከነገረው በኋላ ምን እንዳደረገ አንቺ አላየሽም። በሳምንቱ ጥጥ አስፈትሎ፣ ድሩን ጋሽ ጉታ ወጥረውለት፣ ወደ ሽመና ጉድጓዱ ተመልሶ ገባ። የምቀበርበትን ቡሉኮ ራሴ እሠራለሁ አለ። አርባ ዓመት ሰው ሳለብስ ኖሬ ሌላ ሰው በሸመነው አልጠቀለልም አለ። ባያይም እጁና እግሩ መንገዱን ያውቁታል፤ የመወርወሪያው ድምፅ ልክ እንደ ድሮው ነበር። የሚያቅተው አንድ ነገር ነው። ድር ተበጥሶ ሲቀር ወይም ማግ ሲዘል የደነደነው ጣቱ አይነግረውም። ለዚያ ዓይን ያስፈልጋል። የኔን ዓይን አውሰኝ አለኝ።

ከኔ የፈለገው ይህን ብቻ ነበር። አመሻሽ ላይ ከጉድጓዱ ከመውጣቱ በፊት ይጠራኛል፣ የዕለቱን ሥራ አይቼ ስህተቱን እነግረዋለሁ፣ እሱ ጠዋት ፈትቶ ያስተካክላል። የመጀመሪያውን ሳምንት ሄጄ አየሁለት። በሁለተኛው ሳምንት ቤቱ ጥግ ካለችው ዱካ ላይ ሳልነሳ መመለስ ጀመርኩ። ከዱካዋ እስከ ጉድጓዱ አሥር እርምጃ ነው፤ ኋላ ለክቼዋለሁ። ልጄ፣ ንጹህ ነው ወይ ይላል። ንጹህ ነው አባባ እላለሁ። ዓይንህን አይንሳህ ብሎ ይመርቀኝና የተሠራውን ጠቅልሎ ይወጣል። አንዴ የተጠቀለለ ደግሞ ሥራው እስኪያልቅ አይዘረጋም። ሁለት ወር እንዲህ ሆነ። ክፉ ልጅ ነበርኩ አልልሽም፤ ክፉ ሰው ቢያንስ ቀና ብሎ ያያል።

በመጨረሻዎቹ ቀናት ጥያቄው በዛብኝ። በደንብ አይተኸዋል ወይ ይለኛል። አይቻለሁ እለዋለሁ። ቀርበህ ነው ያየኸው ይላል። ቀርቤ ነው እላለሁ፣ ከዱካዬ ላይ። እጁን ጨርቁ ላይ እንዳደረገ ትንሽ ይቆያል። ከዚያ እንደገና ዓይንህን አይንሳህ ይላል። እኔ ሽማግሌ ሲያረጅ መጨቅጨቅ ይወዳል እያልኩ በሆዴ እበሳጭ ነበር።

ቡሉኮው አልቆ ከሽመና ዕቃው ወረደ። አባባ አጥፎ ሣጥኑ ውስጥ ከተተውና ማንም እንዳይነካው አለ፤ ለሁለት ተከፍሎ የሚሰፋው እኔ ስሞት ነው አለ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አልነሳ ሲል ገባሁ። ፊቱ ወደ በሩ ነበር፣ ዓይኖቹ አልተከደኑም። እዚህ ስትደርሺ ወረቀቱን ብትቀድጂው ይገባኛል። መጀመሪያ ያነሳሁት ስልኬን ነው። አልጮህኩም፣ ጎረቤት አልጠራሁም። የሚያምር ፎቶውን መርጬ፣ ሻማ አብርቼበት፣ የሻማ ሥዕል ማለቴ ነው፣ አባቴ ዛሬ አረፈ ብዬ ለጠፍኩ። ከዚያ ማን ምን እንዳለ ለማየት አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። መቶ ሰባ አራት ሰው ነፍስ ይማር ብሎኝ ካበቃ በኋላ ዓይኑን ልከድን ብሞክር ቆቡ ደርቆ እምቢ አለኝ። በጣቴ ይዤ ቆየሁ። የያዘኝ ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው፤ ዓይኑን በአንድ እጄ ይዤ ሌላው እጄ ስልኩን ሲነካካ አየሁት።

አንቺም የሰማሽው ከዚያ ነው። ለአራስ መርዶ የሚነገረው በዘመድ አፍ፣ ጠዋት፣ ሰው አጠገቧ ሲቀመጥ ነው። ላንቺ በሻማ ሥዕል ደረሰሽ። የተሰበረ ልብ ሥዕል ልከሽልኝ ነበር፤ እኔም አመስግኜሻለሁ። ሁለታችንም የአንድ ሸማኔ ልጆች ነን።

ለቀብሩ የኦቾሎ ሸማኔ አንድ አልቀረም። ጋሽ ጉታን ታውቂያቸዋለሽ፣ ከአባባ ጋር ጉድጓድ ለጉድጓድ ተያይተው ያረጁትን። ቡሉኮውን ከሣጥን አውጥተው ሊከፍሉና ሊሰፉት በሰው ፊት ዘረጉት። ድሩ በየቦታው ተበጥሶ ተንጠልጥሏል፣ ማጉ እየዘለለ ጨርቁ ወንፊት መስሏል። የባለሙያ አገር ነው እህቴ፤ እዚያ የነበረው ሕፃን እንኳ ስህተቱን ያነብባል። ጋሽ ጉታ በጣታቸው እየዳሰሱ እስከ መጨረሻው ሄዱ። መጨረሻው ላይ ቆሙ።

ትዝ ይልሻል፣ ልጆች ሳለን የላይ ሰፈር ሰዎች በድንበር ተጣልተው ዱላ ይዘው ሲወርዱ አባባ እርጥብ ሣር ነጭቶ፣ በሁለት እጁ ይዞ፣ መንገዱ ላይ ተንበረከከ። አንድም ሰው አልተሻገረውም። በኛ አገር ሣር ይዞ የሚለምንን ሰው የሚሻገር የለም፤ ተሻግሮም ደህና የዋለ የለም። አንቺ እንጀራሽን ሐዋሳ ስላደረግሽ ረስተሽው እንደሆነ ብዬ ነው የምነግርሽ።

ሣር ነበር። አሥራ አንድ። እያንዳንዱ በአንድ ቀን ሥራ መጨረሻ ላይ፣ የኔ ዓይን ማረፍ በነበረበት ቦታ፣ ከማጉ ጋር አብሮ ተሸምኗል። ስንዘረጋው ደርቆ ገለባ ሆኗል፤ ሲገባ ግን እርጥብ ነበር። ነጭ ላይ አረንጓዴ። ከአሥር እርምጃ ይታያል። በየዕለቱ ከጉድጓዱ አፍ በዳበሳ እየነጨ ሲያስገባ፣ አመሻሽ ላይ በደንብ አይተኸዋል ወይ ሲለኝ፣ አሥራ አንድ ቀን ንጹህ ነው ብዬዋለሁ።

ጋሽ ጉታ እኔን አላዩኝም፤ ለሰዉ ተናገሩ። ይህ ስህተት የዓይነ ስውሩ አይደለም፣ የተዋሰው ዓይን ነው አሉ። ሰውየው ልጁን ሲለምን ነው የሞተው አሉ። ማንም አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ፣ ቢመቱኝም፣ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ጋሽ ጉታ ለራሳቸው ሞት ያስቀመጡትን ቡሉኮ ከቤታቸው አስመጡ። አባባ ሌላ ሰው በሸመነው ተጠቅልሎ ወረደ።

መቃብሩ ላይ ጋሽ ጉታ ሴቷ ልጁ የት አለች ብለው ጠየቁኝ። አራስ ናት፣ ወንድ ልጅ ወልዳለች አልኳቸው። አፍ አፌን አዩኝ። ከሞቱ በፊት ያለውን ቀን አብረን ነው የዋልነው አሉ፤ የልጅ ልጅ ያገኘ ሰው ለኔ ሳይነግረኝ ያድራል ወይ አሉ። እኔ አፈሩን ማየት ጀመርኩ።

በአራተኛው ቀን ቤት ድረስ መጡ። ቡሉኮዬን አባትህ ይዞት ሄዷል፣ ሳልሞት ትሠራልኛለህ አሉኝና የአባባ የሽመና ጉድጓድ ውስጥ አስገቡኝ። ስልኩን ይሰብሩታል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እንዲሰብሩትም ተመኝቼ ነበር። አልሰበሩትም። እንደበራ ከጉድጓዱ አፍ ላይ፣ እጄ ሊደርስበት በሚችልበት ቦታ አስቀመጡት። ሽመና ሁለት እጅም ሁለት እግርም ይፈልጋል፤ ለሌላ ነገር የሚተርፍ ዓይን ብቻ ነው። አመሻሽ ላይ መጥተው ጣታቸውን ጨርቁ ላይ ያስኬዳሉ። እዚህ ጋ አየህ ይላሉ። እዚህም አየህ። የመጀመሪያው ቀን አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሆነ። አንዱንም አልሳቱ። ከዚያ ሁሉንም ያስፈቱኛል፣ እሳቸው ዱካዋ ላይ ተቀምጠው፣ ሳይቆጡ።

ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ያስቸግራል ይባላል። በሦስተኛው ሳምንት ስልኩን በገዛ እጄ አጥፍቼ ውሰዱልኝ አልኳቸው። ወስደው ከዘር ጥጥ ጋር እንስራ ውስጥ ከተቱት። ድኛለሁ እንዳይመስልሽ። የሚርበኝ ሲመሽ ነው። እጄ ኪሴ ይገባና ባዶ ይወጣል። አውራ ጣቴ እስካሁን ሥራ በፈታች ቁጥር አየሩን ወደ ላይ ትገፋለች። ትናንት ግን ጋሽ ጉታ ዳስሰው ዳስሰው ሦስት ብቻ አገኙ፤ ምንም ሳይሉ ሄዱ። እስካሁን ከሰው ያገኘሁት ምስጋና ያ ነው።

የልጅሽን ስም ነገር ሳላነሳ ብዘጋው በወደድኩ። በተወለደ በአምስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ፣ አያቱ ስም ያውጣለት፣ ይመርቀውም ብለሽ ጻፍሽልኝ። መልሱ በደቂቃ ደረሰሽ። ስሙ እንዴት እንዳማረሽ፣ ባለቤትሽ እንኳ እንደወደደው፣ የአባቴ ስጦታ ነው ብለሽ ከሕፃኑ ፎቶ ጋር እንደለጠፍሽው አይቻለሁ። ያን ዕለት አባባ ጉድጓዱ ውስጥ ነበር፤ የመወርወሪያው ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ስልኬ ላይ ደግሞ ፀጉሩን ቀይ ያቀለመ አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ላይቭ ገብቶ በሰው እየቀለደ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ አመሻሽ አመሻሽ የማየው እሱን ነው። ስሙ ኢያኤል ይባላል። ጋሽ ጉታ መቃብሩ ላይ ለጠየቁኝ አልመለስኩም፤ አንቺም አትጠይቂኝ።

የቡሉኮውን ግማሽ ሊሻን ያመጣልሻል። ሣር ያለበትን እኔ አስቀርቼዋለሁ፣ የተላከው ለኔ ነውና። ያንቺው በስህተት የተሞላ ነው፤ ግን አባባ ክር በክር የነካው ነው። ልጁን ጠቅልይበት። ከአያቱ የሚደርሰው ምርቃት እኔ ዘንድ የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ሳይገባኝ ነው ስቀበል የኖርኩት። ሳላስቀር አስተላልፌለታለሁ፤ ዓይኑን አይንሳው። ላንቺም ጤናውን፣ ለቤትሽም ሰላሙን ያብዛልሽ። ከኔ አፍ ሲወጣ የሚደርስ ከሆነ።

በወረቀቱ እጥፋት ውስጥ አንድ ሣር ታገኛለሽ። ዛሬ ጠዋት ከጉድጓዱ አፍ፣ አባባ ይነጭ ከነበረበት ነው የነጨሁት። እጅሽ እስኪገባ ይደርቃል። አታዪኝም እንጂ ተንበርክኬ ነው የያዝኩት። ብትሻገሪውም አልፈርድብሽም፤ እኔ አሥራ አንድ ተሻግሬያለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ
ኦቾሎ