ፊዚክሱን እንዳትተዪው

ይድረስ ለልጄ ለሚንሃ፤ አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ፣ ዕውቀትሽን ይባርክልሽ። እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። ቡራዩ ዝናቡ በርትቷል፤ ከሱቁ ፊት ያለው መንገድ ጭቃ ሆኖ ገበያው ቀዝቅዟል።

የወደቅሽበትን ኮርስ ሳትደግሚ ዲግሪውን እንደማይሰጡሽ የአባትሽ ወንድም ከድሩ ከሰው ሰምቶ ሱቅ ድረስ መጣ። «ዓመት ሊጨመርባት ነው። ለሴት ልጅ ፊዚክስ ምን ያደርግላታል? ወደ አካውንቲንግ ትዙር፤ ካልሆነም ትምጣና ትዳር ትያዝ» አለኝ፣ ደንበኞች እየሰሙ። ደሜ ፈላ። «ሒሳቡንም፣ ላብራቶሪውንም፣ የመመረቂያ ጥናቱንም ትጨርሳለች! የወደቀችበትን ትደግማለች፤ እንደገና ብትወድቅም እንደገና ትማረዋለች። ወንድምህ በሕይወት ቢኖር ይህን ደፍረህ ትለኝ ነበር?» ብዬ ጮህኩበት። ተቆጥቶ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ደጃችንን አልረገጠም። ይቅርበት።

አንቺ ብቻ ሳትበዪ አትዋዪ። ያልገባሽን መምህርሽን ጠይቂ፤ መጠየቅ አያሳፍርም።

አላህ ልብሽን ያጽናልሽ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። አንድ ነገር ላስቸግርሽ፤ ይህ የምትማሪው ፊዚክስ ምን እንደሆነ በሚገባኝ አማርኛ ጻፊልኝ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ በራሴ አፍ መመለስ እፈልጋለሁ።

እናትሽ ሰብሪያ