ዋስ ያጡት የጤና መኮንን፤ የአቶ ሽብሩ ላምቤቦ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሽብሩ ላምቤቦ ከአባታቸው ከአቶ ላምቤቦ ኤርሳዶ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዓለሚቱ አኑሎ በጥቅምት ወር 1925 ዓ.ም. በሞርሲቶ ተወለዱ። አባታቸው ሲሞቱ ገና ፊደል ያልቆጠሩ ልጅ ነበሩ። ከዚያ በኋላ አባት የሆኗቸው ታላቅ ወንድማቸው አቶ ጥላዬ ላምቤቦ ናቸው። እርሻውን ይዘው፣ እናታቸውን ጦረው፣ ታናሻቸውን በበቅሎ አፈናጠው ሆሳዕና ሚስዮን ትምህርት ቤት ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ከዚህ በታች የሚነገረው የሚከብደውም ስለዚሁ ነው።

አቶ ሽብሩ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አዲስ አበባ ጨርሰው፣ በ1951 ዓ.ም. ከጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በጤና መኮንንነት ተመረቁ። ጓደኞቻቸው ትልልቅ ከተሞችን ሲመርጡ እሳቸው ሆሳዕና እንዲመደቡ ለመኑ። ያስለመናቸው የእናታቸው እግር ነበር። ወይዘሮ ዓለሚቱ ሰዉ ዝሆኔ የሚለው የእግር እብጠት ነበረባቸው። መጀመሪያ ግራው አበጠ፣ ከዓመታት በኋላ ቀኙ ተከተለ፤ ክረምት በገባ ቁጥርም ትኩሳቱ አልጋ ላይ ይጥላቸው ነበር። በአንድ ቤት አብረዋቸው ያደጉት፣ ያንኑ ቀይ አፈር በባዶ እግራቸው ሲረግጡ የኖሩት የወይዘሮ ዓለሚቱ ታናሽ እህት ግን ምንም አልሆኑም። አቶ ሽብሩ ይህን ልዩነት ከልጅነታቸው ጀምሮ እያዩ አደጉ። አንዱ የዘር ነው ይላል፣ ሌላው እርግማን ነው ይላል፤ እሳቸው ሳይመረመር አንዱንም አልቀበልም አሉ። በሽተኞቻቸው እግራቸውን በሳሙና እንዲታጠቡና ጫማ እንዲያደርጉ ያስተምሩ ነበር። ሲመሰገኑም፦ «ይህ ማስታገስ ነው፤ መነሻውን እስካላወቅሁ ድረስ ገና ሥራ አልጀመርኩም» ይሉ ነበር።

በ1952 ዓ.ም. ከወይዘሮ ጵርስቅላ ሀንዲሶ ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተጋብተው ሁለት ሴቶችና ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ።

በ1955 ዓ.ም. መንግሥት ሥር የሰደዱ በሽታዎችን የሚመራመሩ ኢትዮጵያውያንን በራሱ ወጪ ውጭ አገር ልኮ ለማሠልጠን አመልካቾችን ሲጠራ፣ አቶ ሽብሩ ተወዳድረው አለፉ። የቀራቸው ዋስ ማቅረብ ብቻ ነበር። ሠልጣኙ ተመልሶ አገሩን እንዲያገለግል፣ ከተማ ውስጥ ቤት ያለው ሰው አውራጃው ጽሕፈት ቤት ቀርቦ መፈረም ነበረበት። አቶ ጥላዬ በዚያን ጊዜ ሆሳዕና ውስጥ ቤት ሠርተው ሱቅ ከፍተው ስለነበር፦ «ዋስህ እኔ ነኝ፤ የማንንም ደጅ እንዳትጠና» አሏቸው። አቶ ሽብሩም ሌላ ሰው አልጠየቁም።

ለፊርማው የተወሰነው የመጨረሻ ቀን ሰኞ ነበር። ቅዳሜ ዕለት አቶ ሽብሩ ከሥልጠናው ሲመለሱ ምርምሩን ከየት እንደሚጀምሩ ለወንድማቸው አጫወቷቸው። የሚጀምሩት ከገዛ እናታቸው ቤት ነበር፤ የዘመድ ሐረጉም በሙሉ ይጠናል። እናታቸው ቀድመው ፈቅደዋል። «እኔንስ አልፎኛል፤ የልጅ ልጆቼን እግር አድንልኝ» ብለው መርቀዋቸዋል። አቶ ጥላዬ ይህን ሰምተው ዝም አሉ። አቶ ሽብሩ ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጠሩት።

ሰኞ አቶ ጥላዬ ጃጁራ ገበያ ወጡ። አቶ ሽብሩ የሠርጋቸውን ሙሉ ልብስ ለብሰው ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ቆሙ። ጸሐፊው ብቅ እያለ፦ «ኧረ ዋስዎ የት ደረሱ?» ሲላቸው፣ «መንገድ ላይ ናቸው፤ ጋሼ ቃላቸውን አያጥፉም» ይሉት ነበር። ቢሮው እስኪዘጋ ጠበቁ። ቦታው ለተጠባባቂ ተሰጠ።

በማግሥቱ ሱቁ ድረስ ሄዱ። አቶ ጥላዬ ከመደርደሪያው ኋላ ሆነው፦ «ሦስት ሴቶች ልጆች አሉኝ። የእናታችንን እግር መጽሐፍ ላይ ልታወጣው ነው? ዝሆኔ ያለበት ቤት ከተባልን በኋላ ማን ያገባቸዋል?» አሉ። አቶ ሽብሩም፦ «ጋሼ፣ ይህን ቅዳሜ ቢነግሩኝ ሌላ ዋስ አላጣም ነበር። እንቢ ቢሉኝ ባልከፋኝ። በር ላይ ገትረውኝ ገበያ ሄዱ!» ብለው ወጡ።

በ1957 ዓ.ም. እንደገና አመለከቱ፤ አንዴ ተመርጦ የቀረ ዳግም አይታይም ተባሉ። ወይዘሮ ዓለሚቱ በ1958 ዓ.ም. ዐረፉ፤ እግራቸውን ማንም አላጠናውም።

በ1960 ዓ.ም. የአቶ ጥላዬን የመጀመሪያ ልጅ ወይንሸትን ለመጠየቅ ከአንጋጫ ሽማግሌዎች መጡ። አቶ ሽብሩም አጎት ናቸውና ተጠርተው ተቀመጡ። አቶ ጥላዬ በጨዋታ መካከል የእናታቸውን የእግር ሕመም ለመሸፋፈን ሲሞክሩ፣ የሽማግሌዎቹ አለቃ አቶ ወልደየሱስ ሳቁ። «አይ አቶ ጥላዬ! የእማማ ዓለሚቱን እግር ከጣልያን በፊት ጀምሮ ገበያ ላይ እናየው የለም እንዴ? የኛም አያት እንደዚያው ነበሩ። ይልቅ ልጅቷን ስጡን!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አቶ ሽብሩ ተነሥተው ወደ ጓሮ ወጡ። ባለቤታቸው ተከትለው ሲደርሱ እንሰቱ መካከል ቆመው አገኟቸው። «ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር፣ ጵርስቅላ» አሏቸው። «ያ ሁሉ የተደረገብኝ ለዚህ ነው?» ወይንሸት ተዳረች፤ እህቶቿም በየተራ በወግ በማዕረግ ተዳሩ።

አቶ ሽብሩ ከዚያ በኋላም ሥራቸውን አላስተጓጎሉም፤ ስለ ምርምር ግን ሲናገሩ የሰማ የለም። ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ቢታከሙም ሊድኑ አልቻሉም። ሕመሙ በጠናባቸው ጊዜ አቶ ጥላዬ መጥተው አልጋው አጠገብ ተንበርክከው ይቅርታ ጠየቁ። አቶ ሽብሩ እጃቸውን ይዘው፦ «ጋሼ፣ ይቅር ብያለሁ። ግን ቀብሬ ላይ ታሪኬ ሲነበብ፣ ሁለታችን ያለ ቅሬታ ኖርን እንዳይባል። ሞርሲቶ ውስጥ ዛሬም እግራቸው የሚያብጥ ልጆች አሉ። ለምን እንዳልተጠኑ ይታወቅ» አሉ። አቶ ጥላዬም «ይነበብ» ብለው ፈቀዱ። እነሆ ተነበበ።

አቶ ሽብሩ ላምቤቦ ግንቦት 11 ቀን 1965 ዓ.ም. በተወለዱ በ40 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጵርስቅላን፣ አራት ልጆቻቸውንና ዛሬ በሐዘንተኞች መካከል የተቀመጡትን ታላቅ ወንድማቸውን አቶ ጥላዬን ትተው ሄደዋል።

በምድር የተነፈጉትን መልስ ጌታ በፊቱ አቁሞ ይንገራቸው። ነፍሳቸውን በሰላም ይቀበል፤ የቀረነውንም ያጽናን። አሜን።