ሽማግሌ የተላከበት ፊከስ

ለክቡር የሰፈራችን መብራት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሀረም፣ ጊዛ፣ ግብጽ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? የእርስዎ ጤና፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሳያቋርጥ የሚነፍስልዎት የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣ ጤና እንደምን ነው? እኛ መብራት ባለ ሰዓት እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። በአማርኛ መጻፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ በዓረብኛ የጻፍናቸውን ደብዳቤዎች ስላላነበቧቸው፣ በማያውቁት ቋንቋ ብጽፍ የሚቀርብኝ ነገር የለም ብዬ ነው። ቢያንስ የአገሬ ልጆች አንብበው ይስቃሉ።

ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ በተራ ላቅርበው።

አንደኛ፣ ደጃፋችን ላይ ስለቆመው የፊከስ ዛፍ አመሰግናለሁ። በክቡርነትዎ ዘመን ተንደላቆ አድጎ፣ ቅርንጫፎቹን በመብራት ሽቦው ላይ እንደ ጋቢ ጣል አድርጎ ይኖራል። ነፋስ ሽው ባለ ቁጥር ቦግ ብልጭ የሚል ሰማያዊ ፍንጣሪ ይለቅልናል፤ ሌላው ርችት ለማየት ዓባይ ዳር ሲጋፋ እኛ ከመስኮታችን በነጻ እናያለን። ከዚያ ድርግም! መብራት የለም።

ሁለተኛ፣ አብረውኝ የሚኖሩት እትዬ ሙሉሸዋ ሳንባቸው ስለደከመ የሚተነፍሱት በኦክስጅን ማሽን ነው፤ ማሽኑ ደግሞ ያለ ሶኬት አይሠራም። እዚህ ላይ ሳቄን ገታ ላድርግና፣ መብራት ሲጠፋ በጣም እፈራለሁ። ከንፈራቸው ሲጠቁር እያየሁ ሮጬ የመጠባበቂያውን የኦክስጅን ሲሊንደር እከፍታለሁ። እሳቸው ግን ትንሽ መለስ ሲላቸው፣ ዛፉን ዛሬ ደግሞ ማን አስቀይሞት ነው እያሉ ይስቁብኛል።

ሦስተኛ፣ ስለ መስተንግዶዎ። ቅርንጫፉ ይቆረጥልን ብለን ብንመላለስ፣ የእርስዎ ሰዎች ዛፉ የአትክልት ክፍል ንብረት ነው አሉን፤ የአትክልት ክፍል ደግሞ ሽቦ የነካ ቅርንጫፍ የመብራት ነው አለን፤ ሁለቱም ማሌሽ፣ ቡክራ፣ ኢንሻላህ፣ ማለትም ግድ የለም፣ ነገ፣ ፈጣሪ ካለ ብለው በፈገግታ ሸኙን። እንግዲህ እኛ እምቢ ስንባል የምናውቀው አንድ መንገድ ነው፤ ሽማግሌ ላክን። ጋሽ ንጋቱ፣ ጋሽ ገብረ ሥላሴና አባባ ተክለሃይማኖት በዚያ ሙቀት ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ቢሮዎ ገቡ። በእኛ ወግ ሽማግሌ ልመናው እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ ክቡርነትዎ ይህን ከየት ያውቁታል! ወንበር አቀረቡ፣ አልተቀመጡም። ሻይ አዘዙ፣ አልቀመሱም። ወንበሩን ንቀውት ይሆናል ብለው የራስዎን ተሽከርካሪ የኃላፊ ወንበር ለጋሽ ንጋቱ ለቀቁላቸው፣ እሳቸውም ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ። ኋላማ ሠራተኛው ሁሉ፣ አዛውንት ቆሞ እኛ እንዴት እንቀመጣለን ብሎ ተነሳ፤ ባለጉዳዩም ተከተለ። ወይ ጉድ፣ ለአንድ ቅርንጫፍ ቢሮው በሙሉ ቆመ እኮ! በመጨረሻ ጉልበትዎ ሲዝል እሺ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ ዛፉና ሽቦው ይለያያሉ አሉ። ሽማግሌዎቻችንም መርቀውዎት፣ ተቀምጠው ሻያቸውን ጠጡ።

አራተኛ፣ ቃልዎን ስለ መጠበቅዎ። በማግስቱ ባለመሰላሉ መኪና ከች ሲል ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ። ሠራተኞችዎ ዛፉን ሽቅብ አዩት፤ ይህ የአትክልት ክፍል ንብረት ነው፣ አንነካም አሉ፤ ከዚያም የራሳቸው የሆነውን ሽቦ ቆርጠው፣ ጠቅልለው፣ ጭነው ሄዱ። እነሆ እንደ ቃልዎ ዛፍና ሽቦ ተለያዩ። ፊከሱ ከእንግዲህ ምንም አይሰጋም።

ለጊዜው የእትዬ ሙሉሸዋ ማሽን የሚሠራው፣ ማዶ ሕንፃ ያለችው ጎረቤታችን ኢልሃም በመስኮት በወረወረችልን ማራዘሚያ ገመድ ነው። ገመዱ መንገዱን ሲሻገር መሬት እንዳይነካ ያሰርነው የት መሰለዎት? ፊከሱ ላይ። ነፋስ ሲነሳ ሁለታችንም መስኮት ላይ ነን፤ እኔ እጸልያለሁ፣ እሳቸው ዛፉን ይለምናሉ።

ክቡርነትዎን ዕድሜና ጤና እየተመኘሁ፣ ወንበርዎ ሳይጎረብጥዎት፣ አየር ማቀዝቀዣዎ ሳይጠፋብዎት ረጅም ዘመን ይኑሩልን እላለሁ።

የማይጠፋ አክብሮት ያላት፣ መብራት የጠፋባት
ምሥራቅ

ማሳሰቢያ፦ በቢሮዎ ደጃፍ አንድም ዛፍ እንደሌለ ሽማግሌዎቹ አይተው ስለነገሩን፣ እሑድ ጠዋት እትዬ ሙሉሸዋ ከነማሽናቸው ይመጣሉ። ከጠረጴዛዎ ጎን አንድ ሶኬት ይዘጋጅላቸው። እሳቸው እንደ ሽማግሌዎቹ ቆመው አያስቸግሩዎትም፤ ተሽከርካሪው ወንበርዎ ላይ ይቀመጣሉ፣ ሽቦው እስኪመለስ ድረስም አይነሱም።