ለአባቴ የሸጡልኝ ዓሦች

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ሶፎንያስ፣ በአምቦ ከተማ የጌጥ ዓሣ መሸጫ ባለቤትና በጉዳዩ ላይ ብቸኛ ባለሥልጣናችን፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በመስተዋት ውስጥ የሚያኖሯቸው ፍጥረታትም በጤና እንድትገኙ እመኛለሁ፤ ለመጨረሻዎቹ ምኞቴ ካልዘገየ።

ምናልባት አያስታውሱኝም። መቲ ጂራ እባላለሁ። አባቴ ኦቦ ጂራ ዕድሜያቸውን ሙሉ ወንጪ ሐይቅ ላይ ጀልባ ሲቀዝፉ የኖሩ ሰው ነበሩ። ስትሮክ ግማሽ አካላቸውን ሲይዘው ሕክምናው እንዲቀርባቸው አምቦ እኔ ቤት አመጣኋቸው። ከአልጋቸው ሆነው የሚያዩት ግድግዳ ብቻ ነበር። አንድ ቀን «መቲ፣ ውሃ ማየት አማረኝ» አሉኝ። የወንጪን መንገድ አይችሉትምና ውሃውን ቤት ላመጣላቸው ብዬ ወደ ሱቅዎ መጣሁ። ቅሬታዬን እንደሚከተለው በአክብሮት አቀርባለሁ።

1ኛ. ገና ስገባ በሱቅዎ ገንዳ ጥግ አንድ ዓሣ በጎኑ ተንሳፍፎ አይቼ ምን ሆኖ እንደሆነ ጠየቅሁ፤ እርስዎም «ተኝቶ ነው፣ እህቴ» ብለው አረጋጉኝ። ከዚያው ውሃ ቀያዮቹን ዓሦች እየጨለፉ በላስቲክ አሰሩልኝ። የአንዱ ክንፍ ላይ ጨው የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ባሳይዎት «ዝርያው ነው» አሉኝ። በሽታን በዝርያ ደረጃ ስላከበሩልን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

2ኛ. ከዓሦቹ ጋር የሸጡልኝ ትንሽ ገንዳ እንደማይጠባቸው፣ የአየር ፓምፕም ትርፍ ወጪ እንደሆነ፣ ከቧንቧ ቀድቼ ዛሬውኑ ብጨምራቸው ምንም እንደማይሆኑ አስረዱኝ። ጊንጪ ከተማ ዓሣ የሚያሳድገው ዘመዳችን ኤልያቄም ግን፣ ገንዳው አስቀድሞ ከነማጣሪያው ለሳምንታት መዘጋጀት እንደነበረበት፣ ዓሦቹም በጥቂቱ መግባት እንደነበረባቸው፣ የሞተ ካለበት ውሃም ጭራሽ እንደማይገዛ ነገረኝ። የነገረኝ ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው።

በመካከሉ የሆነውን ደግሞ ልንገርዎ። ገንዳውን ፊት ለፊታቸው ሳስቀምጥ አባቴ ከታመሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። በደህናው እጃቸው መስተዋቱን እየነኩ «ቁርጡሚ፣ ቁርጡሚ» እያሉ፣ ዓሣን በኦሮምኛ ስሙ፣ እንደ ሕፃን ይጠሯቸው ጀመር። ትልቁን በሟች የጀልባ ባልደረባቸው ስም ሂርጳ ብለው ሰየሙት፤ ጠዋት ጠዋትም ከእኔ በፊት ለእሱ ሰላምታ ያቀርቡ ነበር። ይህን ደስታ የሸጡልኝ እርስዎ ነዎት፤ አልክድም።

ሳምንት ሳይሞላ ዓሦቹ ውሃው ላይ አፋቸውን እየከፈቱ ያጣጥሩ ጀመር። አንድ ከሰዓት ከሥራ ስመለስ ፍራሹ ርሶ፣ አባቴ ከአልጋው ጠርዝ ተንጠልጥለው፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ገንዳው ውስጥ ነክረው ውሃውን ሲያማስሉ አገኘኋቸው። አየር ሊሰጧቸው ነበር። ሂርጳ የተባለው በማይታዘዛቸው እጃቸው መዳፍ ላይ ተኝቷል።

«አልቻልኩም፣ መቲ» አሉኝ። እጃቸውን በፎጣ አደረቅሁላቸው።

3ኛ. በማግስቱ ይህንኑ ልነግርዎ ብመጣ፣ ቀና ብለው እንኳን ሳያዩኝ «ዓሣ እኮ ነው! ሌላ ውሰጂ» አሉኝ። ስለ ቸርነትዎ እግዜር ይስጥልኝ።

አባቴ ከዚያ ወዲህ አልጋቸውን ወደ ሌላው ግድግዳ አስዞሩኝ። ስለ ሐይቁ ማውራት ተዉ፤ ስጠይቃቸውም «ተይው» ይሉኝ ነበር። በመጋቢት ዐረፉ። የገደላቸው ስትሮክ ነው፤ እሱን በእርስዎ ላይ አልጽፍም። ግን ሕይወታቸውን ሙሉ የወደዱትን ነገር ፈርተውት ሞቱ።

የሱቅዎን መስፋት፣ የመስተዋትዎን መጥራት፣ የእንቅልፍዎን ሰላም ከልብ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

መቲ ጂራ፣ ከአምቦ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ባዶውን ገንዳ ከእኔ ልትገዛ መጥታ ነበር። ዓሦቹን ከየት እንደምታመጣ ስጠይቃት የእርስዎን ሱቅ ጠቀሰችልኝ። ገንዳውን በነፃ ሰጠኋት፤ ተክል እንድትተክልበት አስምዬ።