ስምህን የቀየርኩበት መጽሐፍ

ነስሩዬ፣

አሰላሙ ዐለይኩም የቤቴ ሰው። ከተለየኸኝ ይሄ ሁለተኛው የቡና ለቀማ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ዓመት አለፈው እላለሁ፤ ለራሴ ግን በለቀማ ነው የምቆጥረው። በለቀማ ወቅት ቴፒ ስለምትከርም እኔም ቤቱም አለመኖርህን ለምደነው ነበር። ጥር ሲገባ ግን ትመለስ ነበር። አምና ጥር ገባ፣ ጥር ወጣ፣ እኔ ግን የውጭው በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ ማለቴን አልተውኩም። ዘንድሮም ያው ነኝ፤ ቁጭ ማለት አልቻልኩም። ይህን ደብዳቤ እንኳ ከጀመርኩት ሦስት ጊዜ ተነሥቻለሁ።

መቃብርህ ዘንድ ሄጄ ባወራህ ደስ ባለኝ። ሴት ወደ ቀብር አትሄድም ተብሎ፣ ያን ቀን ከጎረቤታችን ከእትዬ ዘነበች ጋር አጥር ይዤ ቆምኩና የወንዶቹን ጀርባ እያየሁ ሸኘሁህ። እትዬ ዘነበች እጄን ይዘው «እኛ እስከ ጉድጓዱ ድረስ አልቅሰን ነው የምንመለሰው፤ እናንተ እንዴት ቻላችሁት?» አሉኝ። አልቻልነውም ልላቸው ብዬ እንባዬ ቀደመኝ። ስለዚህ እጽፍልሃለሁ፤ የማውቀው ሥራ ይሄው ነው።

የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ሐያት ትምህርቷን ጨርሳ እዚሁ አማን ነርስ ሆናለች። በነጭ ጋውን ስትወጣ ብታያት ላለፈ ላገደመው ሁሉ ታወራ ነበር። የሚያፈሰው ቆርቆሮ ተቀየረ። ዝናቡ ግን ያው ነው፤ እንዳንተው እንግዳ ሲያይ ይብስበታል። ወደ አማን ስንወርድ የምናርፍበት ሜዳ ቤት ተሠርቶበት አለቀ፤ የቱ ጋ ሚዛን አብቅቶ የቱ ጋ አማን እንደሚጀምር አሁን የሚያውቀው ባጃጅ ነጂ ብቻ ነው። ክራርህ ግድግዳው ላይ የለም። ወንድምህ ከማል በመጣ ቁጥር ዓይኑ እዚያ ላይ ሲያርፍ ማየት ሰልችቶኝ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት።

ዙሪያ ጥምጥም መሄዴን ታውቃለህ። ልግባበት። መጽሐፉ አለቀ፤ ሦስተኛው፣ ያንተው። ቀን ቀን ቴፒ ማጠቢያ ጣቢያ ላይ ቀይ እሸት ቡና እየመረጠ የሚረከብ፣ ቅዳሜና እሁድ በየሠርጉ ክራር የሚመታ፣ በመውሊድ መንዙማ የሚያወርድ፣ ነስሩ የሚባል ሰው ታሪክ። አዲስ አበባ ላክሁት። አርታኢው ደውሎ አመሰገነኝ፤ አለቀስኩ ሁሉ አለኝ። ቀጠለና «ወይዘሮ ዘይቱና፣ አንድ ነገር ብቻ፤ ሰውየው ነስሩ ባይባልስ? አንባቢ የእስላም መጽሐፍ ነው ብሎ እንዳይተወው ነው። ዳዊት ብንለው ማንንም አይከፋውም፤ ለክራር መቺም ይስማማል» አለኝ።

እሺ አልኩት። ነስሩዬ፣ አላቅማማሁም፤ ወዲያው ነው እሺ ያልኩት። መጽሐፌ አዲስ አበባ መደብር ተደርድሮ ታየኝና የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ ሆንኩ።

ለነገሩ ልማዴ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፌ ላይ አንድም እስላም አልነበረም፤ ሳላስበው። ሰው ብዬ ብዕር ሳነሳ የሚመጣልኝ ሰው ጥምቀት የሚወጣ፣ ማኅበር የሚጠጣ ነው፤ ያነበብኩት ሁሉ እንደዚያ ነበራ። የመጽሐፉን ሰው፣ አቶ ጌታሁንን ታስታውሰዋለህ? በኅዳር መጨረሻ፣ ያውም በዕለተ ዐርብ፣ ዶሮ ወጥ ያበላሁትን! እትዬ ዘነበች መጽሐፉን ይዘው መጥተው እስኪያንቃቸው ሳቁ። «ዘይቱ፣ ይሄን ምስኪን በሁለት ጾም አስገድፈሽ ሲኦል ከተትሽው እኮ!» አሉኝ። ያን ቀን አብረን ሳቅን። በኋላ ግን አንዱ ጋዜጣ ላይ፣ ደራሲዋ በስሟ ማን እንደሆነች ይታወቃል፣ ጾማችንን ሆን ብላ አቃለለች ብሎ ጻፈ። ስህተት የሠራሁት እነሱን ለመምሰል ስፍጨረጨር እንደሆነ ማን ይንገረው? እኔ በንዴት ስንተከተክ አንተ ጣቢያ ሊወስድህ መኪና እየጠበቀህ፣ ጫማህን እያሠርክ፣ «የራስሽን ሰው ብትጽፊ ዐርብ ምን እንደሚበላ ታውቂ ነበር» ብለኸኝ ወጣህ። ሁለት ቀን አኮረፍኩህ። አንተ ደግሞ ቴፒ ስለነበርክ መኮረፌንም አላወቅክም።

አዲስ አበባ የደራስያን ስብሰባ ላይ አንድ የተከበሩ ሰው አማርኛዬን አድንቀው የት እንደተማርኩት የጠየቁኝን ነግሬሃለሁ። እናቴ ሆድ ውስጥ ልላቸው አሰኝቶኝ፣ አመሰግናለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። ይሄን ሁሉ ለዓመታት እንደ ቂም ይዤ ስዞር እኔው ምን እንደሠራሁ ያሳየኝ ማርቆስ ነው። ካንተ ጋር ጣቢያው ላይ ሚዛን የሚይዘው ማርቆስ፣ ወዳጅህ። ሁለተኛውን መጽሐፌን አንብቦ መጣ። ቤንችኛ ለሚናገር ሰው አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ነው፣ ግን ከአንዳንድ ሐያሲ ይልቅ አጥርቶ ያነባል። ቀስ ብሎ፣ «እትዬ ዘይቱና፣ እዚህ መጽሐፍ ውስጥ የቤንች ሰው ሦስት ጊዜ ሙዝ ተሸክሞ ያልፋል። ስሙ ማነው?» አለኝ። ስም አልሰጠሁትም ነበር። ሀገሩ የነሱ፣ ጫካው የነሱ፣ እኔ እንደ ዛፍ አቁሜያቸዋለሁ።

አሁን ደግሞ ዘመኑ የባሰ ነው። አዲስ ክልል ከሆንን ወዲህ ሰው ሁሉ ማን የማን እንደሆነ ይጠይቃል። ለመጽሐፉ ምረቃ አዳራሽ ላስፈቅድ አንድ መሥሪያ ቤት ብሄድ ብሔር የሚል ቦታ ያለበት ቅጽ ሰጡኝ። አባቴ ከጅማ፣ እናቴ ወሎዬ፣ እኔ ሚዛን ተፈሪ ተወልጄ ሚዛን ተፈሪ ያረጀሁ። ባዶ ተውኩት። ጸሐፊው ባዶ አይሆንም አለኝ። ደራሲ ብዬ ጻፍኩበት፤ ሳቀና ተቀበለኝ። ቤት ስገባ ግን ሳቁ አልተጋባብኝም፤ ስንጎራደድ ዋልኩ።

ከማልም መጣ። ዐርብ ከጁምዓ በኋላ ይመጣል፣ አንድም ሳምንት አይቀርም፤ አላህ ይስጠው፣ ሐያትንም እንደ ልጁ ነው የሚያያት። ስለ መጽሐፉ ሰምቶ ኖሮ ስሙ ዳዊት መሆኑ አልከፋውም፤ እንዲያውም ደስ አለው። ያስጨነቀው ክራሩ ነው። «የሰፈሩ ሰው ማን እንደሆነ ያውቃል። ወንድሜ ተውበት አድርጎ፣ ከቁርኣን ያሲንን አስቀርቶ እየሰማ ነው የሞተ። መልሰሽ ወደ ዘፈኑ አትክተቺው፤ ዝም አይነቅዝም» አለኝ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። ከማል ክፉ ሰው አይደለም። ጉድጓድህን በእጁ የቆፈረ እሱ ነው። ግን ተመልከት፣ አንዱ ስምህን ይወስዳል፣ አንዱ ክራርህን ይወስዳል፤ ታዲያ ለኔ ምን ተረፈኝ?

ባለፈው ሳምንት ለማተሚያ ቤት የተዘጋጀው ረቂቅ ደረሰኝ። በስምህ ፋንታ ዳዊት፣ ዳዊት፣ ዳዊት። ይሁን ብዬ አነበብኩ። ዱዓ ያደረግክበት ቦታ ጸለየ ሆኗል። ይሁን አልኩ። የማርቆስ እህት ሠርግ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ያን ሠርግ አልረሳህም። እንደ ወጉ ለእስላሞች ለብቻ ታርዶ፣ ለብቻ ተሠርቶ፣ ለብቻ ድንኳን ተጥሎልን ነበር። አንተ ከኛ ድንኳን ሣህንህን ይዘህ ወጣህና ሄደህ ማርቆስ ጎን ተቀመጥክ፤ እሱ የሱን በላ፣ አንተ ያንተን በላህ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥማችሁ። ቆይቶ ከኛም ሁለት ከነሱም ሦስት ሰው ሣህኑን ይዞ ቦታ ቀየረ። ከዚያ በኋላ ነው ክራሩን ያነሳኸው። ዳዊት ከተባልክ ግን ከእስላሙ ድንኳን ምን ልታደርግ ትወጣለህ? አርታኢው ነገሩ ግራ ሲገባው መላ መትቶ ድንኳኑን አንድ አድርጎታል። ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል። እኛ አንድ ትሪ ሳይኖረን አብረን መብላታችን ነበር እኮ ነገሩ!

እንዴት እንደተናደድኩ ልነግርህ አልችልም። ረቂቁን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ ግቢውን ስዞር እትዬ ዘነበች በአጥር አይተው እባብ ገባብሽ እንዴ አሉኝ። ብሶብኛል አልኳቸው። ገጹን አነበብኩላቸው። ያን ሠርግ እሳቸውም ነበሩበት፤ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ ይሄ ሰውዬ እኛ ሰፈር መጥቶ አያውቅም አሉ።

ዛሬ ጠዋት ደወልኩ። ስሙ ይመለስ፣ ድንኳኑም ሁለት ይሁን፣ ክራሩም ይኑር፤ አይሆንም ካላችሁ ጽሑፌን መልሱልኝ አልኩ። አርታኢው እስከ ሰኞ አስቢበት አለኝ፤ እርስዎ ማለቱን ሁሉ ረስቶ። የማስበው የለኝም፣ ሰውየው ነስሩ ነው፣ ነስሩ ሆኖ ይታተማል ወይም አይታተምም ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ልቤ ግን አላረፈም። ያረፈ መስሎኝ ብዕር አነሳሁ፣ ይኸው እየጻፍኩልህ መልሶ ይመታል። ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ማንም ስለማያውቀው ማንም ከመጽሐፉ አውጪው ያላለኝ፣ እኔው ራሴ ሳልጽፈው የቀረሁት ነገር አለ።

የተለየኸኝ ዕለት፣ የከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ተሰግዶ ቤቱ በጠያቂ ሞልቶ ነበር። ከማል ራስጌህ ተቀምጧል። ድምፅህ ስለደከመ ጆሮዬን አፍህ ላይ አድርጌ ነበር የምሰማህ። «የቴፒውን ክፈቺልኝ» አልከኝ። ማርቆስ በስልኩ የቀዳህን ነው፤ አንተ ክራር ስትመታ ከኋላህ የመፈልፈያው ማሽን የሚያጓራበትን። ስልኩ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነበር። ቀና ስል ሰው ሁሉ እኔን ያያል። ከማል፣ ምን አለ፣ ምን አለ አለኝ። እኔም ያሲን ቅሩልኝ ይላል አልኳቸው።

ከማል እያለቀሰ ያሲኑን ቀራልህ። አንተ አየኸኝ። አልተቆጣህም፤ ዓይንህን ጨፈንክ። ያሲን አልጠቀመህም አልልም፣ አስተግፊሩላህ፤ አንተም ትወደው ነበር። ግን የጠየቅከኝ እሱን አልነበረም። ወንድሜ ተውበት አድርጎ ሞተ እያለ ከማል የሚጽናናው በእኔ ውሸት ነው። አርታኢውን ስሙን ለወጠው ብዬ እጮህበታለሁ፤ ከሱ በፊት፣ ትንፋሽህ ሳይወጣ፣ ቃልህን የለወጥኩት እኔ ነኝ። ሰው ይታዘበናል ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

እስከ ዛሬ አፉ በለኝ ልልህ አፈርኩ። አሁን እልሃለሁ፤ አፉ በለኝ ነስሩዬ። ዐርብ ከማል ሲመጣ አስቀምጬ እነግረዋለሁ። መጽሐፍ ላይ ሳያነበው ከኔ አፍ ይስማው። ምናልባት ያለቅሳል፣ ምናልባት ደጄን አይረግጥም። ከዚያ የቀረውን ምዕራፍ ቁጭ ብዬ እጽፈዋለሁ፣ የጠየቅከኝንም የመለስኩልህንም፣ አንድ ቃል ሳልለውጥ። የመጨረሻ ቃልህን የሰማ ጆሮ የኔ ብቻ ነው፤ እኔ ካልተናገርኩት ያልከውን የሚያስታውስልህ የለም። እኔ አስታውስሃለሁ።

ባለቤትህ፣
ዘይቱና