ኤሊ የሚቀድመው ሞተር

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ደርሶ ጉልበትህን ይሳምልኝ። እኛ ደህና ነን፤ መልሴ የዘገየው እጄ ለጽሑፍ ቀርፋፋ ስለሆነ ነው።

ትልቁ ልጄ መሥራት የጀመረው ሞተር ሳይክል ያለ ሞተር ጓሮ ቆሞ ነበር። እሱ በሰው ፈጣን ሞተር ሳይክል ወጥቶ በአደጋ ከቀረ ወዲህ ማንም አልነካውም። ሰሞኑን ታናሹ፣ «እማ፣ የወንድሜን ሥራ ልጨርሰው» አለኝ። እምቢ ማለት አቃተኝና ሞተር ልናማርጥ አብሬው ወጣሁ።

አሮጌ ዕቃ ሻጩ በአቅማችን ሁለት አሳየን። አንዱ ጉልበተኛ ነው። ሌላው አባባ እኛን ከፊትና ከኋላ አድርጎ ይነዳው የነበረው ዓይነት ነው። ዳገቱ ላይ አንተ ወርደህ ስትገፋ፣ እኔ ከላይ ሆኜ ስስቅብህ ትዝ ይልሃል?

«ይሄ ዳገት ይወጣል?» አልኩት ሻጩን፣ የአባባን ዓይነት እያሳየሁ።

«እማማ፣ አልዋሽዎትም፤ ኤሊ ይቀድመዋል።»

«እንግዲያው እሱን ስጠን።»

ልጄ ሳቀብኝ። «ሰው ፍጥነት ይገዛል፣ አንቺ ዝግታ ትገዣለሽ!»

ይኸው ገጥሞት ይነዳዋል። ግን አንድ ቀን በጉልበተኛው እቀይረዋለሁ ይላል። እባክህ ስትደውልለት የአባባን ሞተር ነገር አጫውተው። ወርዶ መግፋት ያስቃል እንጂ አያሳፍርም በለው፤ አንተን ይሰማል።

የሞተሩን ድምፅ ከታችኛው መታጠፊያ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አሁን ይህን ስጽፍ ዳገቱ ላይ ጠፋብኝና እስክሪብቶው ከእጄ ወደቀ። ወዲያው፣ «እማ፣ ነይ ግፊ!» ሲል ሰማሁት።

በል ሰላሙን ያብዛልህ። ያኔ የገፋኸው አንተ ነበርክ፤ ዛሬ ተራው የእኔ ነው፣ ልውጣ።

ታናሽ እህትህ